ከፍሬሽማን ወደ ሲኒየር ኮርስ ሲያልፉ አጠናንዎን እንዴት እንደሚያስተካክሉ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሚሰጡት የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች በአብዛኛው አገር አቀፍ ሞጁል ስላላቸው፣ ሞጁሉን ደጋግሞ ያነበበ ተማሪ ጥሩ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ይኸው ልማድ ሲኒየር ኮርስ ላይ ብዙ ጎበዝ ተማሪዎችን ሲጥል ማየት ያሳዝነኛል፤ የመምህሩ ፍላጎት መለወጡን የነገራቸው የለምና።

በመጀመሪያ ኮርስ አውትላይኑን ተቀብለው ከርዕሶቹ ይልቅ ግሶቹን ያስምሩባቸው። “መግለጽ”፣ “መዘርዘር” እና “ማስላት” ከበዙ ኮርሱ መሠረት የሚያስይዝ ነው፤ “መገምገም” እና “መንደፍ” ከበዙ ግን ከእርስዎ የሚጠበቀው የራስዎ ውሳኔ ነው።

ቀጥሎ የመግቢያውንና የሲኒየሩን ኮርስ የፈተና ጥያቄ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በኢኮኖሚክስ መግቢያ ኮርስ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ከ50 ወደ 60 ብር ሲጨምር የሚፈለገው መጠን ከ100 ወደ 90 ኪሎ ቢወርድ፣ ኢላስቲሲቲው (ዋጋ ሲለወጥ የሚፈለገው መጠን ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚያሳየው ቁጥር) ስንት እንደሆነ ይጠየቃሉ፤ የ10 በመቶውን ቅናሽ ለ20 በመቶው ጭማሪ አካፍለው፣ የመቀነስ ምልክቱን ትተው 0.5 ብለው ይመልሳሉ። የኢኮኖሚ ግንኙነቶችን ከመረጃ በሚለካው የሲኒየር ኮርስ፣ በኢኮኖሜትሪክስ፣ ግን የአንድ ገበያ የሁለት ዓመት የሽንኩርት ዋጋና ሽያጭ ይሰጥዎትና ከዚህ መረጃ ኢላስቲሲቲውን ማውጣት ይቻል እንደሆነ ይጠየቃሉ። ዋጋው የናረው ክረምቱ ምርቱን ስላበላሸው ነው ወይስ ጾም ገብቶ ፈላጊ ስለበዛ? ይህን ሳይለዩ ያሰሉት ቁጥር፣ ስሌቱ እንከን ባይኖረው እንኳ፣ የፍላጎት ኢላስቲሲቲ ነው ለማለት አያስደፍርም። መምህሩ ነጥብ የሚሰጠው ምን ታሳቢ እንዳደረጉና የታሳቢውን ድክመት እንዴት እንዳስረዱ አይቶ ነው፤ ስለዚህ ሲያጠኑ ከእያንዳንዱ ቀመር አጠገብ “መቼ አይሠራም?” ብለው ይጻፉ።

ከዚያም ለኮርሱ ቅድመ ሁኔታ የሆነውን የቀድሞ ኮርስ ሀንድአውት ክፍል ከመጀመሩ በፊት ይከልሱ፤ የሲኒየር መምህር እንደሚያስታውሱት ቆጥሮ ያልፈዋልና።

መምህርዎን ሊያማክሩ ሲሄዱም “አልገባኝም” ከማለት ይልቅ የሞከሩትን ይዘው ይቅረቡና የቆሙበትን መስመር ያሳዩ። መምህራንም የድርሻቸውን ይወጡ፦ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከቀደሙት ዓመታት አንድ ጥሩና አንድ ደካማ መልስ ስም ሳይጠቅሱ ቢያሳዩና ነጥቡ የት ላይ እንደተቀነሰ ቢያስረዱ፣ ተማሪው ሚድ ፈተና ላይ ወድቆ የሚማረውን አስቀድሞ ያውቀዋል።