ማን ማንን? ውጭ አገር ለደረሱ የእንግሊዝኛ ጀማሪዎች

እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ውጭ ለሚሄዱ ሰዎች እንግሊዝኛ ሳስተምር ከሁሉ አብልጬ ጊዜ የምሰጠው ለተሳቢ ተውላጠ ስሞች፣ ማለትም ድርጊቱ ማን ላይ እንዳረፈ ለሚናገሩት ቃላት ነው። ሰባት ናቸው፦ ሚ (እኔን)፣ ዩ (አንተን፣ አንቺን፣ እናንተን)፣ ሂም (እሱን)፣ ኸር (እሷን)፣ ኢት (ዕቃን)፣ አስ (እኛን)፣ ዜም (እነሱን)። በቃል መያዙ አይከብድም፤ አፍ ሲከፈት ግን አማርኛችን ይቀድማል።

አማርኛ ተሳቢውን ከግሡ ጋር ይሰፋዋል። «ጠራሁት» ስንል ጠሪውም ተጠሪውም እዚያው አሉ። እንግሊዝኛ ለየብቻ ያቆማቸዋል፦ አይ ኮልድ ሂም። ሂምን ከዘነጋችሁ ሰሚው ማንን እንደጠራችሁ አያውቅም። በአንጻሩ «ከበደን ጠራሁት» እንላለን፤ «አይ ኮልድ ሂም ከበደ» ግን አይባልም። ስሙ ከተጠራ ሂም ይቀራል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የአክብሮቱ ነገር ነው። እናታችሁን ሐኪም ቤት ወስዳችሁ «እሳቸውን እርዱልኝ» ለማለት «ፕሊዝ ሄልፕ ዜም» ብትሉ፣ ነርሷ ሌላ በሽተኛ ያለ ሊመስላት ይችላል። ለእናት ኸር፣ ለአባት ሂም በሉ። ወላጆቻችሁን ያቃለላችሁ አይምሰላችሁ፤ በእንግሊዝኛ አክብሮት የሚታየው በ«ፕሊዝ» እና በአነጋገር ለዛ ነው። ዩ ለአንተም፣ ለአንቺም፣ ለእርስዎም፣ ለእናንተም ያገለግላል፤ ስለዚህ ሐኪሙን ዩ ማለት ድፍረት አይደለም።

እዚያው ሐኪም ቤት «አመመኝ»፣ «ራበኝ»፣ «በረደኝ» የሚሉት ግሦች ያሳስታሉ። በአማርኛ አድራጊዎቹ ሕመሙና ብርዱ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እኛ ነን፦ አይ አም ሲክ፣ አይ አም ሃንግሪ፣ አይ አም ኮልድ። «ራሴን አመመኝ» ደግሞ «አይ ሃቭ ኧ ሄዴክ» ይሆናል። ሚ የለበትም።

ዕቃ በአማርኛ እሱም እሷም ቢባል፣ በእንግሊዝኛ ኢት ነው። እንደ ዊዝ እና ፎር ካለ መስተዋድድ በኋላም ተሳቢው ይመጣል፦ «ከእሷ ጋር» ለማለት ዊዝ ኸር እንጂ «ዊዝ ሺ» አይባልም። «ንገረኝ» ቴል ሚ ነው፤ «አስረዳኝ» ግን «ኤክስፕሌይን ሚ» አይሆንም፤ ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ በሉ። ሥራ የጠየቃችሁበት ቦታ መልሶ እንዲደውልላችሁ ስትፈልጉ ሚ መሐል ይገባል፦ ኮል ሚ ባክ።

ለልምምድ ማታ ወደ ቤተሰብ ስትደውሉ ውሏችሁን እንደልባችሁ በአማርኛ አውሩ። ስልኩን ከዘጋችሁ በኋላ «-ኝ»፣ «-ው»፣ «-ቸው» ያለባቸውን ግሦች ለቅማችሁ ጻፉና፣ እያንዳንዱን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በእንግሊዝኛ በሉት። በዚህ ጀምሩ፦ «አለቃዬ ጠራችኝ፤ ቁልፉን ሰጠችኝ፤ በሩን ክፈትላቸው አለችኝ።» ሺ ኮልድ ሚ። ሺ ጌቭ ሚ ዘ ኪ። ሺ ቶልድ ሚ ቱ ኦፕን ዘ ዶር ፎር ዜም። በመጨረሻው ላይ ቆዩ፤ «ክፈትላቸው» ውስጥ ያለችው «ላ» ፎር ሆና፣ እዚህ ብዙ ሰዎችን የምታመለክተው «ቸው» ዜም ሆና ተለያይተው ወጥተዋል።