በትምህርት ፖሊሲ ክርክር ላይ ሳይጮኹ መደመጥ

አዲስ የትምህርት ፖሊሲ ወጣ ሲባል የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። በማግስቱ ሁላችንም ባለሙያ ነን። አይፈረድብንም። ስለ ድልድይ አሠራር ሲወራ ዝም የሚል ሰው ስለ ትምህርት ቤት ሲሆን ዝም አይልም፤ አሥር ምናምን ዓመት ዴስክ ላይ ተቀምጧል፣ የሚወደው መምህር ነበረው፣ የሚፈራውም ነበረው፣ አሁን ደግሞ ልጁን ይልካል። ችግሩ ክርክሩ የፖሊሲው ስም ላይ ተቸንክሮ መቅረቱ ነው። አንዱ "ፈተና ይጥበቅ" ሲል ሌላው "ፈተና ይቅር" ይላል። አንዱ "በአፍ መፍቻ ቋንቋ"፣ ሌላው "በእንግሊዝኛ"። ሁለት ሰዓት ይጮኻል፣ ከዚያ ሁሉም ይዞት የመጣውን ሐሳብ እንደያዘ ወደ ቤቱ ይገባል።

እኔም ከሚጮኹት አንዱ ነበርኩ። አንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስቼ "በአንድ ክፍል ይሄ ሁሉ ልጅ ታጭቆ ምን ሊማር ነው? ለሁለት ይከፈል!" አልኩ። ጭብጨባው ደስ ይል ነበር። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት መምህርት እጇን አወጣችና "እሺ ይከፈል፤ ሰኞ ጠዋት ሁለተኛው ክፍል ማን ነው የሚገባው?" አለች። መልስ አልነበረኝም። ተቀመጥኩ።

ያቺ ጥያቄ ከእኔ ጋር ቀረች። ይሄን የምጽፈውም እናንተ እንዴት ልትጠቀሙባት እንደምትችሉ ለማሳየት ነው።

ሰነዱን ስታነቡ ግሦቹ ሥር አስምሩ

መጀመሪያ ሰነዱን ራሱን ፈልጋችሁ አንብቡ። ዜናውን አይደለም፤ የዜናውን ስክሪንሾትማ ጭራሽ። ሰማንያ ገጽ ቢሆን ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅባችሁም። መግቢያውን ዝለሉት (መግቢያው ሁሌም ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው የሚል ነው፣ ማንም አይቃወመውም)። ችግሩን የሚገልጸውን ክፍል፣ የጊዜ ሰሌዳውንና ስለ ገንዘብ የሚያወራውን ክፍል አንብቡ። ስለ ገንዘብ የሚያወራ ክፍል ካጣችሁ እሱ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው።

ከዚያ እስክሪብቶ ያዙ። "ይጠናከራል"፣ "ይሻሻላል"፣ "ትኩረት ይሰጠዋል"፣ "ምቹ ሁኔታ ይፈጠራል" የሚሉት ሁሉ ሥር አስምሩ። ማን ነው የሚያጠናክረው? አማርኛችን ለዚህ ነገር በጣም ይመቻል፤ አድራጊውን ደብቆ ሥራው በራሱ ጊዜ የሚሠራ የሚያስመስል ግሥ ሞልቶናል። እናንተ ባለቤት ስጡት። "የመምህራን አቅም ይገነባል" የሚለውን "እገሌ የተባለ ቢሮ፣ በዚህ ወር፣ ለዚህን ያህል መምህራን፣ ይሄን ያህል ቀን ሥልጠና ይሰጣል" ብላችሁ እንደገና ለመጻፍ ሞክሩ። መሙላት ያቃታችሁ ቦታ ሁሉ ጥያቄያችሁ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ይሄን ሳደርግ ከአንድ ገጽ ብቻ አሥራ አንድ ባዶ ቦታ አገኘሁ። ስብሰባው ላይ ግን አንዱን ብቻ ነው የጠየቅኩት፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

የትኛውን ችግር ነው የምታወሩት?

ብዙ ጊዜ ሁለት ተከራካሪዎች የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ነው። አንዱ ትምህርት ቤት ስላልገቡ ልጆች ያወራል፣ ሌላው ገብተው ማንበብ ስላልቻሉ። ኬንያ በ2003 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ) የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያን ስታስቀር በአጭር ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ልጆች ተመዘገቡ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ክፍሎቹ ግን ተጨናነቁ፤ ልጁ በጨመረበት ፍጥነት መምህሩም መጽሐፉም አልጨመረም። "ፖሊሲው ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሁለቱም ወገኖች እውነታቸውን ነው። ስለዚህ አፋችሁን ስትከፍቱ "እኔ የማወራው ስለዚህኛው ችግር ነው" በሉ። ጭቅጭቁ ግማሽ በግማሽ እዚያው ይረግባል።

ሰኞ ጠዋት

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የቀረበው ሐሳብ ምንም ይሁን ምን፣ በሐሳባችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ግቡ። ሰኞ ነው፣ ደወል ተደውሏል። መምህሩ ባለፈው ሳምንት ያላደረገውን ምን ያደርጋል? ልጁስ?

ላፕቶፕን እንውሰድ። "ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኮምፒውተር" የሚለውን ሐሳብ ፔሩ በሰፊው ሞክራዋለች። በ319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ የተደረገ ጥናት ፕሮጀክቱ ከተጀመረ ከ15 ወር ገደማ በኋላ የልጆቹን የሒሳብና የቋንቋ ውጤት ሲለካ ልዩነት አላገኘም። ዕቃው ደርሷል፣ ልጆቹም ነክተውታል። ግን መምህሩ የትኛውን ርዕስ ሲያስተምር እንዴት እንደሚጠቀምበት በግልጽ የነገረው አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ሰሌዳውም ያው፣ ትምህርቱም ያው።

ደመወዝ ደግሞ ይበልጥ ያወዛግባል። ኢንዶኔዥያ በ2005 ባወጣችው ሕግ የብቃት ማረጋገጫ ላገኙ መምህራን ከመነሻ ደመወዛቸው ጋር እኩል የሆነ አበል ፈቀደች፤ ክፍያው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ቆይቶ በጥናት ሲታይ መምህራኑ ደስ ብሏቸዋል፣ ተጨማሪ ሥራ የሚያሯሩጣቸውም ቀንሰዋል፤ የተማሪዎቹ የፈተና ውጤት ግን ንቅንቅ አላለም። ይሄን የሚሰማ አንዳንድ ሰው "አየህ፣ ለመምህር ደመወዝ መጨመር ከንቱ ነው" ብሎ ሊሮጥበት ይችላል። ቆይ። ጥናቱ የለካው ቀድሞውኑ ሥራ ላይ ያሉትን መምህራን ነው፤ የተሻለ ደመወዝ ነገ ማንን ወደ ሙያው እንደሚስብ አልለካም። ደግሞስ መምህር በክብር ይኑር ማለት በራሱ የቆመ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ "ውጤት ይጨምራል" የሚል ክራንች አያስፈልገውም። ሁለቱን ክርክሮች አታደበላልቁ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞት ይወድቃል።

የእኔን የክፍል ጥበት ጉዳይማ ተዉት፣ በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ከ1985 ጀምሮ ለአራት ዓመት የተካሄደ ሙከራ ነበር። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን በዕጣ ከፋፍለው ገሚሱን ከ13 እስከ 17 ልጆች ባሉበት ክፍል፣ ሌላውን ከ22 እስከ 25 ባሉበት አስተማሩ። በትንሹ ክፍል የተማሩት በልጠው ተገኙ፣ በተለይ የድሃ ቤተሰብ ልጆች። ይሄን ይዛ ካሊፎርኒያ በ1996 የታችኛዎቹን ክፍሎች ወደ 20 ልጅ ለማውረድ ገንዘብ መደበች። ሐሳቡ አንድ ነው፣ መጠኑ ግን ሌላ። ባንዴ እጅግ ብዙ መምህር አስፈለገ፣ የማስተማር ፈቃድ የሌላቸው በብዛት ተቀጠሩ፣ ልምድ ያላቸው ደግሞ ከድሃ ሠፈር ትምህርት ቤቶች እየለቀቁ ሀብታም ሠፈር የተከፈተውን ቦታ ያዙ። ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው መምህርት የጠየቀችኝ ይሄንኑ ነበር።

ቋንቋም ላይ ጥያቄዋ ትሠራለች። ሩዋንዳ በ2008 የማስተማሪያ ቋንቋዋን ወደ እንግሊዝኛ ለመቀየር ስትወስን ከመምህራኑ ብዙዎቹ በፈረንሳይኛ የተማሩ ነበሩ። እንግሊዝኛ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ክርክር ሌላ ነው። ቋንቋውን ገና የሚማር መምህር በዚያው ቋንቋ ሳይንስ ያስተምር ሲባል ግን ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚመስል መገመት አይከብድም።

ቁጥር ሲጠራ

"ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት" ይባላል። ቁጥር ሲነግሯችሁም እንደዚያው። "90 በመቶ አለፉ" ሲባል ከማን ውስጥ? ያቋረጡት ተቆጥረዋል? ደካማ ናቸው ተብለው ለፈተና እንዳይቀመጡ የተደረጉትስ? የማለፊያ ነጥቡስ ካለፈው ዓመት ጋር አንድ ነው?

ፈተና ላይ ብዙ ነገር በተንጠለጠለ ቁጥር ደግሞ ፈተናው ራሱ ይበላሻል። ዶናልድ ካምቤል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይሄን በ1970ዎቹ ጽፎታል። አሜሪካ በ2002 ባጸደቀችው ሕግ እስከ 2014 ድረስ ሁሉም ተማሪ፣ አዎ ሁሉም፣ በንባብና በሒሳብ የሚጠበቅበት ደረጃ እንዲደርስ አዘዘች፤ ያልደረሰ ትምህርት ቤት ቅጣት አለው። አልተደረሰም፣ ሕጉም በ2015 በሌላ ተተካ። በመሃል ግን አትላንታ ውስጥ በ2011 የወጣ የምርመራ ሪፖርት 178 መምህራንና ኃላፊዎች በ44 ትምህርት ቤቶች የልጆችን መልስ ማረምን በመሰለ ማጭበርበር ውስጥ እንደነበሩ ዘረዘረ። ኩረጃው የልጆቹ አልነበረም።

የአገሮች ደረጃም እንዲሁ በጥንቃቄ ይነገር። በ2000 የተጀመረው ፒዛ የሚባለው ዓለም አቀፍ ፈተና የ15 ዓመት ልጆችን ይለካል። ፊንላንድ መጀመሪያ አካባቢ ቁንጮ ላይ ስለነበረች "እንደ ፊንላንድ እናድርግ" የማይል ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ውጤቷ እየወረደ መጥቶ በ2022 በሒሳብ 484 አገኘች፤ የበለጸጉት አገሮች አማካይ 472፣ የሲንጋፖር 575 ነበር። አሁን "እንደ ሲንጋፖር" የሚሉት በዝተዋል። የሌላ አገር ስም ሲጠራ "የትኛውን ነገሯን? የመምህራን ምርጫዋን? የመጽሐፏን? ወይስ ውጤቷን ብቻ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ስብሰባው ላይ

አሥራ አንድ ጥያቄ ያለው ሰው አንድም መልስ አያገኝም። መልስ ሰጪው ከመሃል ቀላሏን መርጦ አሥር ደቂቃ ያወራባትና ሰዓት አለቀ ይባላል። በአንድ ስብሰባ አንድ ጥያቄ፣ ቢበዛ ሁለት። መልሱ ቀን፣ ቁጥር ወይም የኃላፊ ስም የሚሆን ጥያቄ ይሁን። "ስለ ጥራት ምን ታስቧል?" ካላችሁ ንግግር ነው የምታገኙት። "አዲሱ መጽሐፍ ትምህርት ሲከፈት ካልደረሰ መምህሩ በምን ያስተምራል?" ካላችሁ ወይ መልስ ታገኛላችሁ ወይ ዝምታውን ሁሉም ይሰማዋል።

የሰውን ልብ አታንብቡ። "አንተ ልጅህን የግል ስለምታስተምር ነው" የሚባለው ነገር እውነት ቢሆንም እንኳ ክርክሩን ይገድለዋል፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ የሚከላከለው ሐሳቡን ሳይሆን ክብሩን ነው። ካመናችሁበት ደግሞ "እሱ ላይ ልክ ነህ" ማለትን አትፍሩ፣ ቀጥሎ የምትሉት ይሰማል።

መምህራንን ከስብሰባው በፊት አናግሩ። በአዳራሹ ውስጥ አለቃ ፊት ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፣ ውጭ ግን ያወራሉ። የነገሯችሁን ስም ሳትጠሩ አቅርቡት።

ሲወሰን ደግሞ መቼ እንደሚገመገምና በምን እንደሚለካ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፣ ሲደርስ የሚያስታውሰው ሌላ ሰው የለም።

እኔ ያን ዕለት ስብሰባው ሲበተን መምህርቷን ተከትዬ ወጣሁና "ታዲያ ክፍሉ የማይከፈል ከሆነ ምን ይሻላል?" አልኳት። ሳቀችብኝ። ከዚያ ማንበብ የማይችሉትን ልጆች ከየክፍሉ ለይታ በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ንባብ ብቻ ብታስተምራቸው እንደምትመርጥ ነገረችኝ። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት ልጆችን በክፍል ደረጃቸው ሳይሆን ማንበብ በቻሉት ልክ እየመደበ ለዓመታት የሠራው ሥራ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ተደጋግሞ ተፈትኖም ውጤት አሳይቷል። እሷ ስለ እሱ ሰምታ አታውቅም። በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን ሳወጣ የጠየቅኩት ያቺን አንድ ክፍለ ጊዜ ነበር፦ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ሳምንት ጀምሮ።