ከትርታው በፊት ጥያቄው፦ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ታካሚ እንዴት ይመረመራል

የቻይና ባህላዊ ሕክምና ሲነሳ ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው፣ ሦስት ጣቱን በታካሚው እጅ ላይ አሳርፎ አንዲት ቃል ሳይጠይቅ ሕመሙን የሚዘረዝር ሽማግሌ ሐኪም ነው። ለፊልም ያምራል። በቻይና ሆስፒታሎች የተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል ውስጥ ግን ጥሩ ሐኪም የሚታወቀው በጥያቄው ነው። ሳይጠይቅ የሚተነብይ ካጋጠማችሁ ብልሃቱን አድንቁለት፤ መድኃኒቱን ግን አትውሰዱለት።

ምርመራው በአራት ነገር ይከናወናል፦ በማየት፣ በመስማትና በማሽተት፣ በመጠየቅ፣ በመዳሰስ። የሚከተለው ለጀማሪ ተማሪ የሚሆን ቢሆንም «ይህ ሐኪም ስለ ሰገራዬ ምን አገባው?» ብሎ ለተገረመ ታካሚም ይጠቅማል።

ደረጃ 1፦ ሳይቀመጥ ተመልከቱት

አካሄዱን፣ የፊቱን ቀለም፣ የዓይኑን ንቃት፣ የለበሰውን ልብስ ልብ በሉ። ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ ይላል ወይስ ክፍሉን ይሞላል? ሳሉ ደረቅ ነው ወይስ አክታ ያለው? የአፍ ጠረንም መረጃ ነው።

ደረጃ 2፦ ዋናውን ሕመም በራሱ አንደበት ጻፉ

አንድ ዋና ችግር፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ያባብሰዋል፣ ምን ያስታግሰዋል። ታካሚው «ከበላሁ በኋላ ሆዴ ይነፋል» ካለ የምትጽፉት ይህንኑ ነው። «የጣፊያ ቺ ድክመት» ብሎ መጻፍ (ቺ በዚህ ሕክምና በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል የሚባለው የሕይወት ኃይል ነው) የመጨረሻው ደረጃ ሥራ ነው፤ ገና ከጅምሩ የጻፈው ተማሪ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ሁሉ የጻፈውን ለማረጋገጥ ብቻ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ብርድና ትኩሳት፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ከ1563 እስከ 1640 የኖረው የሚንግ ዘመን ሐኪም ጃንግ ጂንግዩዌ ጥያቄዎቹን ለቃል ጥናት በሚመች ግጥም አሰናድቷቸዋል፤ በኋላ የተሻሻለውን ግጥም የቻይና ተማሪዎች ዛሬም በቃላቸው ይይዙታል። መጀመሪያ ብርድና ትኩሳት፣ ቀጥሎ ላብ፣ ከዚያ ራስና አካል፣ ሰገራና ሽንት፣ ምግብ እያለ ይወርዳል። ብርድና ትኩሳት የቀደሙት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ሕክምና አስተሳሰብ ሕመሙ ከውጭ ገብቶ ገና በሰውነት ውጫዊ ክፍል ያለ ነው ወይስ ከውስጥ የመነጨ የሚለው በአብዛኛው የሚለየው እዚህ ነው፤ ይህ ከተሳተ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይሳታል።

ችግሩ «ይበርድዎታል?» የሚለው ጥያቄ ምንም አለመለየቱ ነው። ናንጂንግ ከኋይ ወንዝ በስተደቡብ ስለሆነች እንደ ቤይጂንግ የማዕከላዊ ማሞቂያ ሥርዓት የላትም፤ በጥር ወር ሐኪሙም ታካሚውም ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነው የሚቀመጡት። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የማይበርደው ማን ነው? ጥያቄው መሰንጠቅ አለበት፦

«አክስቴ፣ ይበርድዎታል?»

«እንዴት አይበርደኝ! ክረምት አይደል እንዴ?»

«ብርድ ልብስ ሲደርቡበትስ?»

«እሱማ ከተሸፈንኩ በኋላ ደህና ነኝ። እግሬ ብቻ ነው ሌሊቱን ሙሉ አልሞቅ የሚለው።»

መልሱ የተገኘው በሁለተኛው ጥያቄ ነው። ልብስ ሲደረብ የሚተው፣ የቆየ ብርድ የያንግ፣ ማለትም ሰውነትን ያሞቃል የሚባለው ኃይል፣ ማነስ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ሦስት ብርድ ልብስ ተደርቦም አልለቅ የሚል፣ ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ ከትኩሳት ጋር የጀመረ ከሆነ ደግሞ ሕመሙ ከውጭ የገባ ነው ይባላል። ሁለቱ የሚታከሙት በፍጹም በተለያየ መንገድ ነው።

ቀጥሎ ብርዱና ትኩሳቱ አብረው ይመጡ እንደሆነ ጠይቁ። አብረው ከመጡ ሕመሙ ገና ውጫዊው ክፍል ላይ ነው። ትኩሳት ብቻ ሆኖ ብርድ ከሌለ ወደ ውስጥ ገብቷል። አንዴ ብርድ አንዴ ትኩሳት እየተፈራረቁ ከሆነ በመካከል ነው ይላሉ፤ ከወባማ አካባቢ የመጣ ሰው እንዲህ ካለ ግን ክርክሩን ትታችሁ መጀመሪያ የደም ምርመራ አሠሩለት። ከሰዓት በኋላ የሚነሳ ቀላል ትኩሳት፣ የእጅና የእግር መዳፍ መንደድ፣ የሌሊት ላብ ሲገጣጠሙ የዪን፣ ማለትም የያንግ ተቃራኒ ሆኖ ሰውነትን ያቀዘቅዛል የሚባለው ኃይል፣ ማነስ ይጠረጠራል፤ ይሁንና እነዚሁ ምልክቶች የሳንባ ነቀርሳም ናቸውና የአክታ ምርመራና ራጅ አይዘለሉም።

የእጅ መቀዝቀዝ ብቻውን እንዳያታልላችሁ። እጁ በረዶ ሆኖ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ የሚለምን፣ ትንፋሹ የሚያቃጥል፣ ሽንቱ የጠቆረ፣ ምላሱ ቀልቶ ቢጫ ሽፋን የያዘ ታካሚ ውስጡ ሙቀት ነው። ለዚህ ሰው የሚያሞቅ መድኃኒት መስጠት እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው። ከሚያሞቁት ዋነኛው፣ ፉዚ የሚባለው የአኮናይት ሥር፣ በአግባቡ ካልተዘጋጀ ልብን የሚያስቆም መርዝ መሆኑም አይረሳ።

ደረጃ 4፦ ላብ

ከ1800 ዓመታት ገደማ በፊት የኖረው ቻይናዊ ሐኪም ጃንግ ጆንግጂንግ ብርድና ትኩሳት ያለባቸውን ሰዎች በላብ ለይቷቸዋል። ላብ ለሌለው ማሁዋንግ የተባለው ተክል ያለበትን፣ ለሚያልበው ደግሞ የቀረፋ ቅርንጫፍ ያለበትን የተቀመመ መድኃኒት ያዝዛል፤ ሁለተኛውን የጠጣ ሰው ትኩስ የሩዝ አጥሚት ደርቦበት፣ ተሸፋፍኖ ተኝቶ፣ በመጠኑ ወዝ እስኪለው ይጠብቃል። ማሁዋንግ በውስጡ ኤፌድሪን ስላለው የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ስለዚህ ታካሚው የሚወስደውን የሆስፒታል መድኃኒት ሁሉ እዚሁ ጠይቁ፤ ይህ በግጥሙ ውስጥ የለም፤ ሊኖር ግን በተገባው ነበር።

ደረጃ 5፣ 6 እና 7፦ ሕመም፣ ጥም፣ ሰገራና ሽንት፣ እንቅልፍ፣ የወር አበባ

ሲጫኑት የሚያስታግስ ሕመም ከማነስ፣ ሲጫኑት የሚብስ ከመብዛት ይመደባል። አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ ከሆነ የደም መርጋት፣ እየዞረ የሚወጥር ከሆነ የቺ መታገድ ነው ይሉታል። ሰው ተጠምቶ የሚፈልገው ቀዝቃዛ ነው ወይስ ትኩስ? ጎህ ሲቀድ የሚያጣድፍ ተቅማጥ ካለ ወደ ኩላሊት ያንግ ይመለከታሉ።

የወር አበባን ዑደት፣ መጠን፣ ቀለምና መርጋት መጠየቅ ግድ ነው። ሆኖም በቻይና ሥራ የሚበዛባቸው ክሊኒኮች ቀጣዩ ታካሚ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ያዳምጣል፤ ተማሪዎችም ዙሪያውን ተቀምጠው የመድኃኒቱን ትእዛዝ ይገለብጣሉ። ማንም ሴት በዚያ ሁሉ ጆሮ ፊት እውነቱን አትናገርም። በሩን ዝጉት።

ደረጃ 8፦ ምላስ

በቀን ብርሃን እዩት፤ ቢጫ አምፖል ነጩን ሽፋን ቢጫ ያስመስለዋል። ቡና የጠጣ ሰው ሽፋኑ ቡናማ ነው፤ ወተት የጠጣ ነጭ ነው፤ ጠዋት ምላሱን በብሩሽ የፋቀ ደግሞ ሽፋን የለውም፤ ይህን ሳትጠይቁ አትፍረዱ። ለረጅም ጊዜ ካስወጣው ቀለሙ ስለሚጠቁር አሳርፋችሁ እንደገና እዩት። ጫፉ ለልብ፣ ጎኖቹ ለጉበት፣ መሐሉ ለጣፊያና ለጨጓራ፣ ሥሩ ለኩላሊት ይሰጣሉ። በስልክ ፎቶ ምላስ አይቶ መድኃኒት ማዘዝ አሁን ተለምዷል፤ እኔ አላምንበትም፤ ካሜራው ቀለሙን በራሱ ያስተካክለዋል።

ደረጃ 9፦ ትርታ

ታካሚው ትንሽ ይረፍ። መዳፉ ወደ ላይ፣ ክንዱ በልቡ ትይዩ፣ የእጅ አንጓው በትንሿ ትራስ ላይ ይሁን። በአውራ ጣቱ በኩል ከአንጓው ከፍ ብሎ ጎላ ያለው አጥንት ትይዩ፣ ደም ሥሩ ላይ፣ የመሐል ጣታችሁን አሳርፉ፤ አመልካች ጣት ወደ መዳፉ፣ የቀለበት ጣት ወደ ክርኑ ወገን ይቀመጣሉ። መጀመሪያ በስሱ፣ ቀጥሎ በመጠኑ፣ በመጨረሻ ጠበቅ አድርጋችሁ ዳስሱ። ፍጥነቱ የሚለካው በሐኪሙ ትንፋሽ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ አራት ወይም አምስት ምት ጤነኛ ነው። ደረጃ ሮጦ ወጥቶ የመጣ ሐኪም እንግዲህ ምን እንደሚቆጥር አስቡት። የጥንቱ ደንብ 50 ምት ጠብቁ ይላል፤ ዛሬ የሚጠብቀው ጥቂቱ ነው።

በ1564 የሚንግ ዘመኑ ሐኪም ሊ ሺጄን 27 የትርታ ዓይነቶችን ዘርዝሯል። ጀማሪ ስድስቱን በቅጡ ቢለይ ይበቃዋል፦ ላይ ያለና ጥልቅ፣ ዘገምተኛና ፈጣን፣ ደካማና ብርቱ። የተለያዩ ሐኪሞች አንድን እጅ ይዘው የተለያየ ስም እንደሚሰጡት በጥናቶች በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ትርታ ብቻውን ዳኛ ሊሆን የማይገባውም ለዚህ ነው።

ደረጃ 10፦ መመደብና መለየት

የተሰበሰበውን በአራት ጥንድ ደልድሉት፦ ውጭ ወይስ ውስጥ፣ ብርድ ወይስ ሙቀት፣ ማነስ ወይስ መብዛት፣ በጥቅሉም ዪን ወይስ ያንግ። ምላሱ አንድ ነገር፣ ትርታው ሌላ ነገር ካሉ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ይህ ምደባ የላቦራቶሪን ወይም የራጅን ቦታ አይተካም። ደረቱን ጨምድዶ የያዘው፣ በድንገት ፊቱ የተጣመመ ወይም አንደበቱ የተሳሰረ፣ ደም የሚያስታውክ፣ ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ከመጣ ጣታችሁን ከእጁ ላይ አንሱና ወደ ዘመናዊ ሆስፒታል ላኩት።

የመድኃኒት ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ የሰባት ቀን ነው። ሲመለስ «ተሻለዎት?» አትበሉት፤ ሐኪሙን ላለማሳዘን ሲል አዎ ይላችኋል። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሳና ሰገራው እንዴት እንደሆነ ጠይቁና ባለፈው ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩት።