ግፊቱ በሦስት መድኃኒት አልወርድ ሲል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውጭ ያለ ዘመድ ደውሎ «በደም ሥር ገብተው ግፊት የሚያክሙበት ዘዴ መጥቷል፤ እማዬን ለምን አንወስዳትም?» ሲል ቤተሰቡ ሁሉ ይነሳሳል። ሐሳቡ ከፍቅር ነው። ግን በሬ ሸጦ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ።

በአንድ ልኬት «መድኃኒቱ አልሠራም» ማለት። እናት ቡናቸውን ጠጥተው ከአዘዞ በሚኒባስ ተጋፍተው ይመጣሉ። ወረፋ እንዳያልፋቸው ተጣድፈዋል፤ ሽንታቸውንም ይዘዋል። መለኪያው በሹራባቸው እጅጌ ላይ ይታሰራል፤ እጃቸው ተንጠልጥሎ ስለ ልጆቻቸው እያወሩ 170 ይወጣል። ይህ ቁጥር አይታመንም። ከቡና በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆዩ። ሽንት ቤት ይሂዱ። ጀርባዎን ደገፍ፣ እግርዎን መሬት አድርገው ለ5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንድዎ ከልብስ ነፃ ሆኖ በልብዎ ትይዩ ይረፍ። ቤት ውስጥ ለተከታታይ ቀናት ጠዋትና ማታ ለክተው የጻፉት ደግሞ የበለጠ እውነቱን ይናገራል።

የተዘለለውን ኪኒን መደበቅ። በጾም የጠዋቷ ኪኒን ትቀራለች። ጠበል ሲገቡ ጭራሽ ይቆማል። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ ሌላ መድኃኒት ይደርባል። እባክዎ ሳይፈሩ ይንገሩ፤ ሰዓቱን ከጾሙ ጋር ማስማማት ብዙ ጊዜ ይቻላል። ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ። ለወገብ ሕመም የሚገዙት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ግፊት እንደሚጨምርም ይወቁ። ስለዚህ የሚውጡትን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ።

ሐኪሞች ግፊቱ ለመድኃኒት አልበገር አለ የሚሉት ቢያንስ ሦስት ዓይነት መድኃኒት፣ አንዱ የሚያሸና ሆኖ፣ ሰውነት በሚችለው ሙሉ መጠን በትክክል ተወስዶ አልወርድ ሲል ነው።

አራተኛውን ኪኒን መዝለል። በ2015 (በፈረንጅ) የወጣ የእንግሊዝ ጥናት እንዲህ ላሉ ሰዎች አራተኛ መድኃኒት አወዳድሮ ነበር። ያሸነፈው ስፓይሮኖላክቶን የተባለ አሮጌና ርካሽ ኪኒን ነው። የላይኛውን ቁጥር መድኃኒት ከሌለው ባዶ ኪኒን ይልቅ በ9 ገደማ አወረደ። ነገር ግን ፖታሲየም ሊያበዛ ስለሚችል የደምና የኩላሊት ምርመራ ይፈልጋል። በወንዶች ላይ ጡት ሊያሳብጥም ይችላል። ያኔ ሐኪሙ ይለውጠዋል።

በደም ሥር የሚደረገውን ሕክምና ፈውስ አድርጎ ማየት። ቀጭን ቱቦ በብሽሽት በኩል ወደ ኩላሊት ደም ሥር ይገባል። በሙቀት ወይም በአልትራሳውንድ ደም ሥሩን የከበቡትን ነርቮች ያቃጥላል። በ2014 (በፈረንጅ) በወጣው ትልቅ ሙከራ ግፊቱ በ14 ወረደ፤ የማስመሰል ሕክምና ብቻ በተደረገላቸው ደግሞ በ12። ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። መሣሪያዎቹ ተሻሽለው አሜሪካ በኅዳር 2023 (በፈረንጅ) ሁለቱን ፈቅዳለች፤ ሆኖም ከማስመሰሉ ጋር ያለው ልዩነት በአማካይ 5 አካባቢ ነው። አብዛኛው ሰው ኪኒኑን ይቀጥላል። በእኔ እምነት መድኃኒት በእውነት ላልተስማማው ሰው ተስፋ ነው፤ ያላለቀውን የመድኃኒት መንገድ ግን አይተካም።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ እነዚህን ይጠይቁ፦ መጠኔ ሙሉ ነው? ስፓይሮኖላክቶን ይሆነኛል? ፖታሲየሜና ኩላሊቴ እንዴት ናቸው? ግፊቴን ከፍ ያደረገ፣ እንደ አድሬናል ዕጢ (ከኩላሊት በላይ ያለች ዕጢ) ችግር ያለ ሌላ ምክንያት ተመርምሯል?