አልማዝ ባለጭራ ሲወጣ አሲክሎቪርን እንዴት በአግባቡ መውሰድ ይቻላል?

ጎን ወይም ጀርባ ላይ በአንድ በኩል ብቻ እሳት የነካው ያህል ሲያቃጥል ይሰነብትና፣ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ሽፍታዎች መስመር ይዘው ይወጣሉ፤ አልማዝ ባለጭራ ይህ ነው። ብዙ ሰው "ነፍሳት ነክሶኝ ነው" ብሎ ቅባት ሲቀባ ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ አሲክሎቪር (የበሽታው ቫይረስ እንዳይባዛ የሚያደርግ መድኃኒት) በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በታየ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሽፍታው የወጣበትን ቀን ያስታውሱና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ። የሚቆጠረው ሽፍታው ከታየበት ነው፣ ሕመሙ ከጀመረበት አይደለም። 72 ሰዓት ቢያልፍም አዲስ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ እየወጣ ከሆነ ሐኪሙ ሊያዝልዎት ይችላል። ሽፍታው ግንባር፣ አፍንጫ ጫፍ ወይም ዓይን አካባቢ ከወጣ ግን ነገ አይበሉ፤ ዓይን ሊያሳጣ ይችላል።

ሐኪሙ ሳይጠይቅዎት የሚነግሩት ነገር አለ፦ የኩላሊት ሕመም ካለብዎት፣ እርጉዝ ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ። ኩላሊት ከደከመ መጠኑ ይቀነሳል።

ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ የተለመደው መጠን 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀን ነው። የፋርማሲው ፍሬ ባለ 400 ከሆነ በአንዴ 2፣ ባለ 200 ከሆነ 4 ፍሬ ማለት ነው። ባለ 200 ተሰጥቶት አንድ አንድ ፍሬ የሚውጥ ሰው ሩቡን ብቻ ነው የወሰደው፤ እሽጉ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር እንዲህ ቢሆን ይመቻል፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ምሽት 12፣ ማታ 4። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። አንዱ ከተረሳ እንዳስታወሱ ይውሰዱ፤ ቀጣዩ ከደረሰ ግን ደርበው አይዋጡ። ሽፍታው ስለደረቀ ብቻ በአራተኛው ቀን ማቆምም አይገባም።

አሁን ወደ ውሃው። መድኃኒቱ የሚወጣው በሽንት ነው፤ ሰውነት ውሃ ካጣ ኩላሊት ውስጥ እንደ አሸዋ ሊጠጥር ይችላል። በአዳማ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ለሚውል ባጃጅ ነጂ ወይም ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የውሃ ጠርሙስ ከእጅዎ አይለይ፤ ሽንትዎ ከጠቆረ አልጠጡም ማለት ነው። የሚጾሙ ከሆነም ሐኪምዎንና የንስሐ አባትዎን ወይም ሼኽዎን አስቀድመው ያማክሩ። ሕመሙ ሲበረታ ዳይክሎፌናክ መጨመር የተለመደ ነው፤ ኩላሊት ላይ ጫናው ስለሚደራረብ ሳይጠይቁ አይውሰዱ።

ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና ተቅማጥ ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ሽንት ከቀነሰ፣ ፊት ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ በተለይ ደግሞ አንድ አዛውንት መዘባረቅ ወይም የሌለ ነገር ማየት ከጀመሩ፣ "እርጅና ነው" ተብሎ አይታለፍ። ወዲያው ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው።

ቁስሉ ቅርፊት እስኪይዝ ይሸፍኑት፤ ጉድፍ ወጥቶባቸው ከማያውቁ እርጉዞችና ከጨቅላ ሕፃናት ይራቁ። የአሲክሎቪር ቅባት ለአልማዝ ባለጭራ የፍሬውን ቦታ አይተካም። ወጣት ሆነው ከወጣብዎት ሐኪሙ የኤችአይቪ ምርመራ ቢያዝ አይደንግጡ፣ የተለመደ አሠራር ነው።

ቁስሉ ድኖ ሕመሙ ለወራት ከቀጠለ አሲክሎቪር ደግሞ መግዛት አይጠቅምም፤ ያ የነርቭ ሕመም ነው፣ የራሱ መድኃኒት ስላለው ተመልሰው ሐኪምዎን ያነጋግሩ።