የጤና ወሬ ስናጣራ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

«ጥናት አረጋግጧል» የሚል መልእክት ሲመጣ ጠርጣራ ነን የምንለውም እንሸወዳለን። ደህና ተደርጎ የተሠራ የጤና ውሸት ውስጡ እውነት ጣል ተደርጎበታል። ያቺን ቁራሽ እውነት ስናገኝ «አሃ፣ ልክ ነው ለካ» ብለን ማጣራቱን እናቆማለን።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ጥናቱ መኖሩን ብቻ ማየት ነው። አይቨርሜክቲንን አስታውሱ። የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ቤተ ሙከራ ውስጥ የኮቪድን ቫይረስ እንደገታ ጽፈው አሳተሙ። ጥናቱ የምር ነበር። ግን የተሞከረው ሰው ላይ ሳይሆን ሴሎች ላይ ነው። የተጠቀሙበት መጠንም ሰው በተለመደው አወሳሰድ ቢውጠው ደሙ ውስጥ ከሚገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በረኪናም እኮ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ቫይረስ ይገድላል! በኋላ ታማሚዎች ላይ የተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኙለትም። ስለዚህ ጥናቱን ካገኛችሁ በኋላ ነው ሥራው የሚጀመረው። ምን ላይ ተሞከረ? ስንት ሰው ላይ? በምን ያህል መጠን? ከምን ጋር ተነጻጽሮ?

ጥናቱ ከታተመ በኋላ ምን እንደደረሰበት አለማየትም አለ። የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። የታዩት ልጆች 12 ብቻ ነበሩ። መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው፣ ሰውየውም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። በ2019 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ከ650 ሺህ በላይ ልጆችን ተከታትሎ ግንኙነት አላገኘም። የድሮው ጽሑፍ ፎቶ ግን ዛሬም ይዞራል። ርዕሱን ፐብሜድ (PubMed) በተባለው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ብትፈልጉት መሰረዙ ከላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

«እጥፍ ይጨምራል» ሲባል የምን እጥፍ ብሎ አለመጠየቅ ደግሞ እኔንም ብዙ ጊዜ ጥሎኛል። እ.ኤ.አ. በ1995 ብሪታንያ ውስጥ አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች የደም መርጋትን እጥፍ ያደርጋሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። አልዋሹም። ቁጥሩ ግን ከ7,000 ሴቶች ከ1 ወደ 2 ነበር። ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን ተዉ፤ ያልታሰበ እርግዝናና ውርጃ ጨመረ። እርግዝና ደግሞ ራሱ ከእንክብሉ የባሰ ደም ያረጋል።

በማዕረግ መደንገጥም ያው ነው። ላይነስ ፖሊንግ ሁለት ኖቤል የወሰደ ሰው ነው። ብዙ ቫይታሚን ሲ መውሰድ ጉንፋንን ይከላከላል ያለው ግን በሙከራ አልጸናም።

የመጨረሻው ስህተት የአቀራረብ ነው። የውሸቱን ስክሪንሾት እንዳለ ለጥፎ ከሥሩ «ሐሰት» ብሎ መጻፍ። አንዱ ይቆርጠውና ውሸቱ ብቻውን ይጓዛል። እውነቱን አስቀድሙ፤ ውሸቱን በአንድ መስመር ጥቀሱት።

ሰውን በቤተሰብ ግሩፕ ፊት ማሳፈርማ ከዚህም ይብሳል። አንዴ አክስቴ የላከችውን የመገጣጠሚያ «ፈውስ» በሰው ፊት አፈረስኩባት። መላኳን አላቆመችም፤ ለእኔ መላክ ብቻ ነው ያቆመችው። አሁን ለብቻዋ እደውልላታለሁ። «ምን አሳስቦሽ ነው የላክሽው?» እላታለሁ። ብዙ ጊዜ ጉልበቷን እያመማት ነው።