ግጦሽዎ በድርቅ ሲያልቅ፦ አሜሪካ ውስጥ የመኖ ማካካሻ አወጣጥ

አሜሪካ ውስጥ ከብት፣ በግ ወይም ፍየል ለገበያ የሚያረባ ሰው ግጦሹ በድርቅ ሲከስም መንግሥት የመኖ ወጪውን በከፊል ይሸፍንለታል። ፕሮግራሙ ኤልኤፍፒ ይባላል፤ የሚያስተዳድረው የግብርና ሚኒስቴሩ ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ ነው። ብድር ስላልሆነ አይመለስም። የአደጋ ጊዜ አዋጅም መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወሳኙ በየሳምንቱ ሐሙስ የሚወጣው የድርቅ ካርታ ነው፤ ካርታው የድርቁን ክብደት ከዲ0 እስከ ዲ4 (እጅግ የከፋው) በደረጃ ያሳያል።

ብዙ ሰው ካርታውን አይቶ «የእኔ መስክ አልተቀባም» ብሎ ይተወዋል። ይህ ስህተት ነው። ከካውንቲው የትኛውም ክፍል በግጦሹ ወቅት ደረጃው ላይ ከደረሰ ካውንቲው በሙሉ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ዲ2 (ከባድ ድርቅ) ለ4 ተከታታይ ሳምንት ከቆየ የ1 ወር ክፍያ፣ ከ8 ተከታታይ ሳምንታት በ7ቱ ከታየ የ2 ወር ይሰጣል። ዲ3 አንድ ጊዜ ብቻ ከታየ 3 ወር ነው። ዲ3 4 ሳምንት ከሞላ ወይም ዲ4 ከታየ 4፣ ዲ4 ራሱ 4 ሳምንት ከሞላ 5 ወር ይከፈላል።

ገንዘቡ የሚቀርበት ዋናው ቦታ ግን ስሌቱ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁለት ነገር ያሰላል፤ የከብቶችዎን የወር መኖ ወጪና መሬትዎ ሊመግብ የሚችለው የከብት ብዛት የሚጠይቀውን የወር መኖ ወጪ። ከሁለቱ ያነሰውን ወስዶ 60 በመቶውን ይከፍላል። 100 ላም አለዎት እንበል፤ ያስመዘገቡት 300 ኤከር ነው፤ በካውንቲው ለአንድ ላም 5 ኤከር ይያዛል። የሚከፈልዎት ለ60 ላም ብቻ ነው። የተከራዩትን መስክ ረስተው ካላስመዘገቡ የቀሩት 40 ላሞች በዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ የራስዎንም የኪራዩንም መሬት እያንዳንዱን ቁራሽ በኤፍኤስኤ-578 ቅጽ ያስመዝግቡ፤ ኪራዩ በቃል ብቻ ከሆነ ድርቁ ሳይመጣ በጽሑፍ ያድርጉት። ፍየልና በግ ያለው ደግሞ ይህን ይያዝ፦ አንድ ትልቅ ፍየል ወይም በግ የሚቆጠረው እንደ ላም ሩብ ነው።

ከብቶቹ ድርቁ ደረጃው ላይ ከመድረሱ በፊት ባሉት 60 ቀናት በእጅዎ የነበሩ መሆን አለባቸው። ድርቁን አይተው የገዙት አይቆጠርም፤ በማድለቢያ በረት የሚቀለብ ከብትና ለመዝናኛ የሚጋለብ ፈረስም እንዲሁ። በአንጻሩ ባለፉት ሁለት ዓመታት በድርቅ ምክንያት የሸጡት ከብት፣ ክፍያው ከመደበኛው ክፍያ 80 በመቶው ብቻ ቢሆንም፣ ይቆጠራል። የሽያጭ ደረሰኝ አይጣል።

በካውንቲዎ ቢሮ የሚሞላው ማመልከቻ ሲሲሲ-853 ነው። ከሱ ጋር ሲሲሲ-902 (የእርሻው አሠራር)፣ ሲሲሲ-941 (ገቢ) እና ኤዲ-1026 (የአፈርና የረግረግ መሬት ጥበቃ) ይጠየቃሉ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ክፍያው አይለቀቅም። ኤጀንሲው ለእርሻዎ የሚሰጠው የእርሻ ቁጥር ከሌለዎት መጀመሪያ እሱን ያውጡ፤ የመሬቱን ሰነድ ወይም የኪራይ ውሉን ይዘው ይሂዱ።

የአንድ ሰው ጣሪያ በዓመት 125,000 ዶላር ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ቀኑን ቢሮው ውስጥ ጠይቀው ይጻፉት፤ የመሬት ምዝገባው ግን የራሱ ቀን አለው፣ ከማመልከቻውም ይቀድማል።